ጎማም ይነበባል

የአጻጻፍ ኮርስ መምህራችን «ከምታውቁት ነገር ተነሡ» ብለው ሲመክሩን የክፍሌ ልጆች ስለ ፍቅር፣ ስለ ስደትና ስለ ዶርም ኑሮ ጻፉ። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ በደንብ የማውቀው ነገር ቢኖር ጎማ ነው። «የጋዜጠኝነት ተማሪ ሆነሽ ስለ ጎማ ምን ይጻፋል?» ብለው የሳቁብኝ አልጠፉም። ውድ አንባቢያን፣ እስቲ ጥቂት ታገሡኝ፤ ፍርዱን በኋላ ትሰጣላችሁ።

የተወለድኩትም ያደግሁትም አዋሽ ሰባት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አስፋልት ከተማችንን አቋርጦ ያልፋል። መንገዱ ዳር አጎቴ የጎሚስታ ቤት አላቸው፤ እኛ ልጆች ጋሼ ነው የምንላቸው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ምሳዬን የምበላው እዚያ ስለነበር ክሪክ፣ ቸርኬ፣ ከመነዳሪ፣ ስኮርታ የሚሉትን ቃላት ፊደል ሳልቆጥር ነው የለመድኳቸው። አብዛኞቹ ከጣልያንኛ የመጡ መሆናቸውን ያወቅሁት ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነው። ጎማ ራሱ፣ ጎሚስታ፣ ፍሬን፣ ባሌስትራ፣ ሁሉም ከመኪናው ጋር ገብተው ቤተኛ ሆነዋል።

ጋሼ የግራ እጃቸው ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። ምክንያቱ የድሮ ላንድክሩዘር ቸርኬ ነው። ለገጠር ሥራ የመጡት ብዙዎቹ ላንድክሩዘሮች 7.50አር16 የሚባል፣ ከመነዳሪ ያለው ጎማ ነበራቸው። ቸርኬውም ወጥ አይደለም፤ ጎማውን ይዞ የሚያስቀረው የብረት ቀለበት አለው። ቀለበቱ በደንብ ሳይገጥም ንፋስ ከተሞላ እንደ ጥይት ተስፈንጥሮ ይወጣል። ጋሼን ያገኛቸው እንዲህ ነው። ከዚያ ወዲህ ባለ ቀለበት ቸርኬ በሰንሰለት ሳያስሩ ንፋስ አይሞሉም፤ ማንም ሰው አጠገባቸው እንዲቆምም አይፈቅዱም። ጎማ ውስጥ ያለው አየር ቀልድ እንዳልሆነ የተማርኩት ከእሳቸው እጅ ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን የልጅነት ትዝታ አይደለም፤ የወንድሜ መኪና ነው።

ወንድሜ ለዓመታት የሰው መኪና ሲነዳ ቆይቶ ባለፈው ዓመት የራሱን ገዛ። አሮጌ ፕራዶ ናት፤ ስሪቷ እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ሞተሯ የናፍጣ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያለውን አሮጌ መኪና አድሶ መያዝ የብዙ ሰው ምርጫ ሆኗል። ከመኪናዋ ዋጋ ግማሹ የወንድሜ ቁጠባ ነው። ግማሹ ደግሞ እናታችን ከምትሠራበት ትንሽ ምግብ ቤት በየሳምንቱ እየቀነሰች የጣለችው እቁብ ነው። ሐሳቡ ጎብኚ ይዞ ወደ አፋር፣ ወደ ኤርታ አሌና ወደ አሳሌ የጨው ሜዳ፣ እንዲሁም ወደ ደቡብ ኦሞ መመላለስ ነው።

መኪናዋ እጁ እንደገባች ያሰበው ሞዲፋይ ማስደረግ ነበር። ዕቅዱን በወረቀት ጽፎ አሳየኝ። ሞላዎቹ በረዣዥም ሞላ ይቀየሩና መኪናዋ አምስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ትላለች። 265/70አር16 የሆነው የፋብሪካ ጎማዋ ወጥቶ 285/75አር16 የሆነ፣ ጥርሱ እንደ ትራክተር የሚናከስ የጭቃ ጎማ ይገባል። ጣሪያው ላይ ፖርቶ መጋላ ይሠራና አራት ጀሪካንና ስኮርታው እዚያ ይወጣሉ። ፊት ለፊቷም ወፍራም የብረት ፓራውልት ይገጠማል። አራቱን ጎማ ደግሞ አንድ ደላላ መርካቶ ውስጥ «ብዙም ያልሠሩ» ናቸው ብሎ ከአዲሱ በግማሽ ዋጋ አግኝቶለታል።

«መኪና ማለት ቁመና ነው» አለኝ። «ቱሪስቱም ሆነ ወኪሉ መጀመሪያ የሚያየው ቁመናዋን ነው። አንቺ ይህ አይገባሽም።»

እውነት ለመናገር በዚህ ነገር ልክ ነው። በዚህ ሥራ መኪና ልብስ ነው፤ ሰው የሚመረጠው በልብሱ ነው።

ጋሼ ወረቀቱን አንብበው ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ አሉ፤ «ሲያጌጡ ይመላለጡ።» ወንድሜ ተቆጣ። ጋሼ ግን መኪና አይነካ የሚሉ ሰው አይደሉም። «እያንዳንዱን ነገር ለምን ብለህ ጠይቀው፤ መልስ ያለውን ቀይር፣ መልስ የሌለውን ተወው» ነው ያሉት። እኔም ደብተሬን አወጣሁና ወረቀቱን እንደ ዜና ምንጭ ማጣራት ጀመርኩ። የሒሳብ ሰው አይደለሁም፤ ግን ይህ ሒሳብ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ነው።

265/70አር16 ማለት ምን ማለት ነው? የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። «አር» ራዲያል ማለት ነው። የመጨረሻው የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። ሲሰላ የፋብሪካው ጎማ ከዳር እስከ ዳር 777 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ወንድሜ የፈለገው 834። ልዩነቱ 57 ሚሊ ሜትር ነው። ነገር ግን ከዚህ ግማሹ ከመሐል ወደ ላይ ስለሆነ መኪናዋ በጎማው ምክንያት ከመሬት ከፍ የምትለው 28 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሦስት ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም!

ለዚህች ሦስት ሳንቲ ሜትር የሚከፈለውን እንይ። ጎማው በ7 በመቶ ስለተለቀ የፍጥነት መቁጠሪያው 100 ሲል መኪናዋ የምትሮጠው 107 ነው። ሹፌሩ ሳያውቀው ከፍጥነት ወሰን በላይ ይሄዳል ማለት ነው። ፍሬኑ የተሠራው ለትንሹና ለቀላሉ ጎማ ነው፤ አሁን ትልቅና ከባድ ነገር አቁም ይባላል። መሪ ሙሉ ሲጠመዘዝ ጎማው ላሜራውን ሊልስ ይችላል። በረዣዥም ሞላ ከፍ ስትል ደግሞ ወደ ፊት ጎማዎች ኃይል የሚያደርሱት ዘንጎች ከልካቸው በላይ ይዘምማሉ፣ ጎማ ሽፋናቸው ይቀደዳል፤ የፍሬን ጎሞዎችም ካልረዘሙ ይወጠራሉ።

ከሁሉ የሚብሰው የክብደት ቦታ ነው። ሁለት ጀሪካን ውሃ 40 ኪሎ ነው። ሁለት ጀሪካን ናፍጣ ወደ 34 ኪሎ ይጠጋል። ትልቁ ስኮርታ ከነቸርኬው ሲጨመር ከ100 ኪሎ ያልፋል። ይህ ሁሉ መጀመሪያ ከፍ በተደረገች መኪና ጣሪያ ላይ ነው የሚወጣው። ገበያ የምትሄድ ሴት እንስራዋን ጀርባዋ ላይ አዝላ ስትታጠፍና ራሷ ላይ ተሸክማ ስትታጠፍ አንድ አይደለም። መኪናም እንደዚያው ነው፤ ጭነቷ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ኩርባ ላይ ለመገልበጥ ትቀርባለች።

«እሺ፣ የጭቃው ጎማስ ምን አደረገሽ?» አለኝ ወንድሜ። የጭቃ ጎማ ለጭቃ ጥሩ ነው። በክረምት የኦሞ ዋልካ ውስጥ የገባ ሰው ይመሰክራል። ጥርሶቹ የተራራቁ ስለሆኑ ጭቃውን እየተፉ ይሄዳሉ። ግን በዚያው በመራራቃቸው የተነሣ አስፋልቱን የሚነካው ላስቲክ ያነሰ ነው፤ ዝናብ በመታው አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ለመቆም ረዘም ያለ ርቀት ይፈልጋል። ከአዲስ አበባ ሰመራ ወደ 600 ኪሎ ሜትር አስፋልት ነው። ወንድሜ ያሰበው ስለ መጨረሻዎቹ አስቸጋሪ ኪሎ ሜትሮች ነበር፤ ሰው የሚሞተው ግን በአብዛኛው በፍጥነት በሚኬድበት መንገድ ላይ ነው። በአስፋልቱና በጭቃው መሐል ያለው «ኤቲ» የሚባለው ለሁሉም መሬት የተሠራ ጎማ ነው። በአንዱም አንደኛ አይወጣም፣ በሁሉም ግን ያልፋል። የኛ አገር ጉዞ ደግሞ ሁሉም መሬት በአንድ ቀን የሚገኝበት ነው።

ቅዳሜ ዕለት ጎማዎቹን ለማየት ከወንድሜ ጋር መርካቶ ሄድን። ጎማዎቹ ጥቁር ቀለም ተቀብተው ያብረቀርቃሉ፤ ጥርሳቸውም ገና ነው። ወንድሜ ደስ አለው። እኔ ጎንበስ ብዬ ጎናቸውን ማንበብ ጀመርኩ። ጎማ ላይ «ዲኦቲ» ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ የሚመጣ ረጅም ቁጥር አለ፤ የመጨረሻዎቹ አራት አኀዞች የተሠራበትን ጊዜ ይናገራሉ። ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን። ቀኑ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በአንድ በኩል ብቻ ስለሆነ ጎማውን አገላብጦ ማየት ያስፈልጋል። አገላበጥነው። 1811 ይላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በ18ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው።

«ይሄማ የፋብሪካ ቁጥር ነው፣ እህቴ» አለኝ ደላላው። ቀኑ መሆኑን ስነግረው ሳቀ። «ጎማ እንጀራ አይደለም፣ አይሻግትም!»

አነጋገሩ አስቆኛል፤ ነገሩ ግን ስህተት ነው። ላስቲክ ተቀምጦም ያረጃል። ፀሐይ፣ ሙቀትና አየሩ ራሱ ያደርቁታል፤ ውስጡ ያሉት ንብርብሮች የተያያዙበት ነገር እየሳሳ ይሄዳል። ብዙ ጎማ አምራቾች ጥርሱ ምንም ያህል ቢተርፍ ከተሠራ 10 ዓመት የሆነውን ጎማ አውጡት ይላሉ፤ በ6 ዓመቱ ቀይሩ የሚሉ መኪና አምራቾችም አሉ። ያን ዕለት ያየናቸው ከሁለቱም አልፈዋል። ለዚህ ነው ጥርስ ብቻ አይቶ ጎማ መግዛት ፈረስን በጥርሱ እንደመግዛት የማይሆነው፤ የፈረስ ጥርስ ዕድሜውን ይናገራል፣ የጎማ ጥርስ ግን ዕድሜውን ይደብቃል።

ከልኩ ቀጥሎ የሚመጣውንም ንባብ ላሳያችሁ። ለምሳሌ 112ኤስ ተብሎ ከተጻፈ፣ 112 የጭነት ቁጥር ነው፤ አንዱ ጎማ በሚገባው ንፋስ እስከ 1,120 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። «ኤስ» ደግሞ የፍጥነት ጣሪያው 180 ኪሎ ሜትር በሰዓት መሆኑን ያመለክታል። ጎማ ሲቀየር የጭነት ቁጥሩ ከፋብሪካው ማነስ የለበትም። እንደ ፕራዶ አራቱም ጎማ ሁልጊዜ በሚጎተትበት መኪና ላይ ደግሞ የተለያየ ልክ ያለው ጎማ ማደባለቅ የመሐሉን ዲፈረንሻል ይፈጀዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ጋሼ የሚጨነቁት ስለ ንፋስ ነው። «ጎማው መኪናውን አይሸከምም፣ የሚሸከመው ንፋሱ ነው» ይላሉ። የንፋስ ነገር በእኛ አገር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ናት። የአሳሌ ጨው ሜዳ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ታች ያለው አየር ከባድ ነው። መለኪያው የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጪው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ስለሆነ፣ አዲስ አበባ 35 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ ሙቀቱ ካልተለወጠ ታች ሲደርስ ከ3 እስከ 4 ያህል ቀንሶ ይነበባል። ታች ግን ሙቀት ነው። አየሩ ከ15 ዲግሪ ወደ 40 ዲግሪ ሲወጣ ደግሞ 4 ያህል ይጨምራል። ሁለቱ ይጣፋሉ ማለት ይቻላል!

ችግሩ የሚመጣው ሹፌሩ ሦስት ሰዓት ነድቶ፣ ጎማው በራሱ ሩጫ ግሎ ሳለ አዋሽ ላይ ቆሞ ሲያስለካ ነው። መለኪያው 41 ይላል። «በዛ፣ ይቀነስ» ይላል ሹፌሩ። ጋሼ እምቢ ይላሉ። ፋብሪካው ያዘዘው ቁጥር የቀዝቃዛ ጎማ ቁጥር ነው፤ የሚለካው በጠዋት ነው፣ ፀሐይ ሳይመታው፣ ሳይነዳ። ግሎ የተቀነሰ ጎማ ሲበርድ ከልኩ በታች ይሆናል። ንፋሱ ያነሰ ጎማ ጎኑ በየዙሩ ይታጠፋል፣ በመታጠፉ ይግላል፣ በመጋሉ ንብርብሮቹ ይላቀቃሉ። አሸዋ ውስጥ ለመሄድ ወደ 20 ዝቅ ማድረግ ትክክል ነው፤ ጎማው ተዘርግቶ ይንሳፈፋል። ነገር ግን አሸዋውን ጨርሶ ንፋስ ሳይሞሉ አስፋልት ላይ መብረር ራስን አሳልፎ መስጠት ነው።

ይህ የጎሚስታ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእኛን ሙያ በቀጥታ የሚነካ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 በአሜሪካ፣ በሂውስተን ከተማ ያለ ኬኤችኦዩ የተባለ የአካባቢ ቴሌቪዥን ጣቢያ ስለ ፎርድ ኤክስፕሎረር መኪኖችና ስለ ፋየርስቶን ጎማዎች አንድ የምርመራ ዘገባ አቀረበ። ዘጋቢዋ አና ወርነር ትባላለች። ጎማዎቹ በፍጥነት ላይ ሳሉ የላይኛው ንብርብራቸው እየተላጠ፣ መኪኖቹ እየተገለበጡ ሰው ይሞት ነበር። እያንዳንዱ አደጋ ለብቻው ሲታይ «ጎማ ፈነዳ» ነው። ጣቢያው ግን አደጋዎቹን ሰብስቦ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ኩባንያው የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፈ፤ ተመልካቹ ደግሞ እኔም ደርሶብኛል እያለ ደወለ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማ ከገበያ እንዲመለስ አደረገ። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በመጨረሻ ከዚህ ጋር ያያያዛቸው ሟቾች 271 ደረሱ።

በምክንያቱ ላይ ሁለቱ ኩባንያዎች ብዙ ተካሰዋል። ጎማው ነው፣ የለም መኪናው ነው ተባባሉ። በክርክሩ ውስጥ የተነሡት ነገሮች ግን የጋሼ ነገሮች ናቸው፤ የጎማው አሠራር፣ 26 ፒኤስአይ ብቻ ይሞላ የተባለው ንፋስ፣ ሙቀት፣ ጭነት፣ ከፍ ብላ የተሠራች መኪና። ጉዳዩ ባስከተለው ሕግ የተነሣ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ አዳዲስ አውቶሞቢሎች የጎማ ንፋስ ሲቀንስ የሚበራ መብራት እንዲኖራቸው ግዴታ ሆነ። አንዲት ዘጋቢና ባልደረቦቿ ቁጥር ማንበብ ስላልሰለቻቸው ነው።

ወደ ወንድሜ ልመለስ። አንድ ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ። በመጨረሻ የወሰነችው እናታችን ናት። እማዬ ስለ ጭነት ቁጥርም ስለ ዲኦቲም አታውቅም፤ ያልኩትን ሁሉ ሰምታ ግን «የእቁቤ ገንዘብ ለመኪናዋ እንጂ ለመልኳ አልተጣለም» አለች። በቃ፣ ተዘጋ። የደከሙት ሞላዎች በልካቸው በአዲስ ተቀየሩ። በፋብሪካው ልክ አራት አዲስ ኤቲ ጎማ ተገዛ፤ ዋጋው አስጨንቆናል፣ የሦስት ወር ዕዳ ገብተንበታል። ስኮርታው ከኋላ በሩ ላይ እንደነበረ ቀረ። ውሃው ከጣሪያ ወርዶ ከኋላ ወለሉ ላይ ታሰረ፤ ናፍጣ ከሰው ጋር አይጫንምና ሁለቱ ጀሪካን ላይ ቀሩ። ከብረቱ ፓራውልት በተረፈው ገንዘብ ከባትሪ የምትሠራ ትንሽ የንፋስ መሙያና ጥሩ መለኪያ ተገዛ።

ነገሩ በደስታ አለቀ ብዬ አልዋሽም። ባለፈው ጥቅምት አንድ የጉዞ ወኪል መኪናዋን አይቶ «ትንሽ ናት፣ ለበረሃ አትመስልም» ብሎ ከፍ ብላ የተሠራችውን የሌላ ሰው መኪና ወሰደ። ወንድሜ ማታ ደውሎ «ይኸው የአንቺ ቁጥር አምስት ቀን ሥራ አሳጣኝ» አለኝ። የምመልሰው ነገር አልነበረኝም፤ አምስት ቀን ለእኛ ቤት ቀላል አይደለም። አሁንም ስንገናኝ እንከራከራለን። ግን ጠዋት ጠዋት ከመነሣቱ በፊት አራቱንም ጎማ እንደሚለካ ጋሼ ነግረውኛል።

ወደ እኛ ወደ ተማሪዎቹ ልምጣ። በየሳምንቱ በዜና እንሰማለን፤ ከዚህ ተነሥቶ ወደዚህ ሲጓዝ የነበረ ተሽከርካሪ ጎማ ፈንድቶ ተገለበጠ፣ ይህን ያህል ሰው ሞተ፣ ይህን ያህል ቆሰለ። ዜናው እዚያ ላይ ያበቃል፤ የጎማ መፈንዳት እንደ መብረቅ ከሰማይ የወረደ ይመስል። ነገ ተመርቀን እንዲህ ያለ ዜና ስንይዝ አራት ጥያቄ እንጨምርበት። ጎማው የተሠራው መቼ ነው? ልኩ የፋብሪካው ነው ወይስ ተቀይሯል? ጭነቱ ስንት ነበር፣ የትስ ላይ? ንፋሱ መቼ ተለካ? ሦስቱን የትራፊክ ፖሊሱ ሳይነግረን ራሳችን ጎንበስ ብለን ልናጣራቸው እንችላለን፤ መልሱ ጎማው ላይና ጣሪያው ላይ ነው።

ለበዓል ወደየቤታችሁ ስትሄዱም መኪናው ከመነሣቱ በፊት አራቱን አኀዞች ፈልጓቸው። ረዳቱ ይስቅባችሁ ይሆናል። ይሳቅ። ቸር እንሰንብት።